የኤላዲዮ ላቦይ ሁለት ካርዶች

«ለእሱማ አርባ ዘጠኝ ዓመት ዘገየን» አሉ አክስት ፕሩደንሲያ።

ጮክ ብለው አልተናገሩም። ግን ጸሎት መሪዋ ዶኛ ሴፌሪና «ለወንድማችን ለኤላዲዮ ላቦይ ነፍስ» ብለው ትንፋሽ ሊወስዱ ዝም ባሉባት ቅጽበት ስለነበር፣ ሳሎኑ ውስጥ ያልሰማ ሰው አልነበረም። የፕላስቲክ ወንበሮቹ ሲጥ ሲጥ አሉ። አንዷ ጎረቤት ሌላዋን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። ዶኛ ሴፌሪና መቁጠሪያቸውን በሁለት ጣት እንደያዙ አሮጊቷን ከመነጽራቸው በላይ አየት አደረጉና ቀጠሉ። ለቅሶ ደራሹም እንደ ልማዱ «የዘላለም ዕረፍት ስጠው» እያለ ተቀበለ።

ሚግዳሊያ የቡና ትሪ ይዛ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። አባቷ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ፣ ከዘጠኙ የጸሎት ቀንም ሦስተኛው ነው። አክስቷ፣ የአባቷ እህት፣ ሰማንያ ሁለት ዓመት ሞልቷቸዋል፤ አንዳንዴ ሬዲዮ ውስጥ ዜና ለሚያነበው ሰው መልስ ይሰጣሉ። ስለዚህ ነገሩን የእርጅና ቅዠት ነው ብላ ልትተወው ፈለገች። ቁጥሩ ግን አልተዋትም። የሚቀባዥር ሰው «ብዙ ዓመት» ይላል እንጂ አርባ ዘጠኝ አይልም።

ጸሎቱ ሲያልቅ ቡናውን አዞረች። ከመቅዳቷ በፊት ራስ ቆጥራለች፤ ሳሎን አሥራ አንድ፣ በረንዳ ስድስት። አሥራ ሰባት ስኒ ቀዳች። በረንዳው ጫፍ ላይ የተቀመጡት ጡረተኛው ፀጉር አስተካካይ፣ የአባቷ ጓደኛ ዶን ፊሎ ዘንድ ስትደርስ ግን ትሪው ባዶ ነበር።

«ይቅርታ ዶን ፊሎ። አሁን አመጣልዎታለሁ።»

«ግድ የለም ልጄ። ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም እንዲሁ ነው የሆነው። እየለመድኩት ነው።»

እውነታቸውን ነው። ሚግዳሊያ ሃያ ዓመት መድኃኒት ቤት ውስጥ ክኒን ስትቆጥር የኖረች ሴት ናት፤ በቁጥር ስታ አታውቅም። ወደ ሳሎን ተመልሳ ሰዉን አንድ በአንድ አየች። ሁሉም አንዳንድ ስኒ ይዟል። ሁለት የያዘ የለም። እንደገና ቆጠረች፤ አሥራ ሰባት ሰው።

«ምን ጠፋብሽ?» አለቻት ጎረቤቷ ኔሬይዳ። አፏ የማያርፍ፣ ለቅሶ ቤት ውስጥ እንኳ ቀልድ የማያልቅባት ሴት ናት።

«አንድ ስኒ ይጎድለኛል። ሦስት ቀን ሙሉ።»

«ኤላዲዮ ነዋ የጠጣው! ሰማይ ቤት ስኳር የለም ብሎ መጥቶ ይሆናል።»

ሰዎቹ ሳቁ፤ የለቅሶ ቤት ሳቅ፣ አፍን በእጅ ሸፈን አድርጎ። ሚግዳሊያም ልትስቅ ነበር።

«አባቴ ቡና አይጠጣም ነበር» አለች። «ይዘጋዋል። ሽታውን እንኳ አይወድም።»

«ኤላዲዮ ይጠጣ ነበር» አሉ አክስት ፕሩደንሲያ ከጥጋቸው። «በቀን አራቴ።»

ከዚያ በኋላ የሳቀ አልነበረም። ሰዉ ሰዓቱን እያየ ስኒውን ያስቀምጥ ጀመር። ከቀትር በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር፤ ፀሐይዋ ገና ከሸንኮራው በላይ ቆማለች፤ የሚቸኩልበት ምክንያት ማንም አልነበረውም።

*

ሚግዳሊያ ሰባት ዓመቷ ሳለ ያየችው አንድ ነገር ነበር። ለማንም ነግራው አታውቅም።

አባቷን አሮዮ ከተማ ሙሉ «ግራኙ ላቦይ» ብሎ ነው የሚያውቀው። በወጣትነቱ ቤዝቦል ተጫዋች ነበር፤ በግራ እጁ የሚመታ። ዝናውን ያተረፈችለት አንዲት የጨዋታ ዓመት ናት። በሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ ዘጠኝ፣ ከሺህ ኳስ ሦስት መቶ አርባ አንዱን ያህል መታ፤ ያን ያህል የመታ ልጅ ከደቡቡ ጠረፍ ወጥቶ አያውቅም። ኳሷን ከአጥሩ አሻግሮ ሸንኮራው ውስጥ ይከታት ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት፤ ከዚያ መቶ ዘጠና ስምንት፤ ከዚያ ተቀያሪ ወንበር፤ ከዚያ ስኳር ፋብሪካ። ሰዎች የውድቀቱን ምክንያት ያውቃሉ። ታናሽ ወንድሙን ሳቱርኒኖን በዚያው ዓመት ነሐሴ ውስጥ ውኃ በላው፤ የኤላዲዮም ዓይን ከዚያ ወዲህ ፈዘዘ። ቡና ቤት ገብቶ የአርባ ዘጠኙን ሲያነሱበት ሁሌም አንድ መልስ ነበረው።

«ያ ሌላ ሰው ነው።»

ሰዎቹ ትከሻውን ይመቱታል። እንዴት ያለ ትሑት ሰው ነው!

አባቷ በግራው ይበላል፤ በግራው ይፈርማል፤ ካርታ ሲጫወት በግራው ያከፋፍላል። ያን ዕለት ሚግዳሊያ ማልዳ ተነስታ ውኃ ልትጠጣ ወጣች። የመታጠቢያ ቤቱ በር ገርበብ ብሎ ነበር። አባቷ መስተዋት ፊት ቆሞ ጢሙን ይላጫል። ምላጩ በቀኝ እጁ ነበር። እጁ ከጉንጩ ወደ አገጩ እንደ ውኃ ይወርዳል፤ የአባቷ ግራ እጅ እንደዚያ ሲታዘዝለት አይታ አታውቅም። ሌላ ሰው ቤታቸው የገባ መሰላት። እንዳትጮህ አፏን ያዘች። ያኔ አባቷ በመስተዋቱ ውስጥ አያት። ቀስ ብሎ፣ ዓይኑን ከዓይኗ ሳይነቅል፣ ምላጩን ወደ ግራ እጁ አሻገረውና መላጨቱን ቀጠለ። ወዲያው አገጩ ሥር ደም ፈሰሰ።

«አባዬ፣ በዚያኛውም ትችላለህ?»

«በየትኛው?»

«በቀኝህ።»

«ሕልም አይተሻል» አላት። «ሂጂ ተኚ።»

ከዚያ ወዲህ በሩን ሳይቆልፍ ተላጭቶ አያውቅም።

*

በአምስተኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ ለቅሶ ደራሹ ከመምጣቱ በፊት ዶን ፊሎ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ በብብታቸው ይዘው ደረጃውን ወጡ። ሚግዳሊያ በረንዳውን ታጥብ ነበር። ቆርቆሮውን ታውቀዋለች። ውስጡ ካርዶች ናቸው፤ በዶን ፊሎ ወጣትነት ከከረሜላ ጋር ይወጡ የነበሩ፣ ከክብሪት ሣጥን ብዙም የማይበልጡ፣ ፎቶግራፋቸው በቀለም የተነካካ፣ ጀርባቸው ላይ የተጫዋቹ ስምና ቁጥሩ የታተመ።

ሠላሳ ዓመት፣ ረቡዕና ቅዳሜ፣ ሁለቱ ሰዎች እዚህ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ካርድ ሲያወዳድሩ ኖረዋል። ሁለት ሁለት እያደረጉ ጎን ለጎን ያስቀምጧቸዋል፤ አንዱ አንዱን፣ ሌላው ሌላውን ይዞ ይሟገታል።

«ሩጫማ ይችል ነበር» ይላል አባቷ። «ግን ኳሷ ወደ እሱ ስትመጣ ዓይኑን ይጨፍናል።»

«ዓይኑን ጨፍኖ ስድስት ዓመት ተጫወተ! ያንተው ደግሞ ዓይኑን ከፍቶ ሁለት።»

«የኔው በሳንባ ሞተ እኮ፣ አንተ ርኅራኄ የሌለህ!»

«የኔው ደግሞ ሎተሪ እየሸጠ ነው። የትኛው ይከፋል?»

እንዲህ እየተባባሉ ያመሻሉ። ሚግዳሊያ ከወጥ ቤት ትሰማቸው ነበር። በመጨረሻም ሁልጊዜ፣ ቆርቆሮው ከመዘጋቱ በፊት፣ ዶን ፊሎ ሁለት ካርዶች ያወጣሉ፤ የአርባ ዘጠኙን ኤላዲዮ ላቦይና የሃምሳ አንዱን ኤላዲዮ ላቦይ።

«ከሁለቱ ማን ይበልጣል?»

አባቷ ረጅም ጊዜ አጎንብሶ ያያል። «የአርባ ዘጠኙ።»

«እስቲ ምኑ?»

ከዚያ አባቷ ይጀምራል፤ ትከሻው እንዴት ዘና እንደሚል፣ ኳሷ ከወርዋሪው እጅ ሳትወጣ እንዴት ፈገግ እንደሚል፣ ስቶ እንኳ ሲመለስ እንዴት እያፏጨ እንደሚመለስ። ሚግዳሊያ ይህን በሰማች ቁጥር ታፍርበት ነበር። ሰው ሌላ ቦታ እየተሽኮረመመ በረንዳው ላይ ሲሆን ራሱን እንዲህ ያወድሳል?

አሁን ዶን ፊሎ ሁለቱን ካርዶች በእርጥቡ ወንበር ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡላት። ከኪሳቸውም አጉሊ መነጽር አወጡ።

«እዪ» አሏት።

«አይቻቸዋለሁ እኮ፣ ዶን ፊሎ።»

«አላየሻቸውም። ፊቱን ተዪው። ፊት ይመሳሰላል። ጆሮውን እዪ።»

ሚግዳሊያ አጎነበሰች። በሁለቱም ካርድ ላይ ያው ባርኔጣ፣ ያው ልብስ፣ በግራ በኩል የተነሳ ያው ዱላ። አጉሊ መነጽሩ ሥር የአርባ ዘጠኙ ጆሮ የታችኛው ጫፍ ከጉንጩ ጋር ተጣብቋል። የሃምሳ አንዱ ወፈር ብሎ ተንጠልጥሏል።

«የማተሚያው ስህተት ይሆናል» አለች።

«ሃምሳ ዓመት በሰው ጆሮ ዙሪያ ስቆርጥ ኖሬያለሁ። ሰው ሲያረጅ አፍንጫው ይረዝማል፣ ፀጉሩ ይሸሻል፣ ጥርሱ ይረግፋል። የተጣበቀ ጆሮ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ አይላቀቅም።»

ሚግዳሊያ ሳታስበው የራሷን ጆሮ ነካች። ተንጠልጣይ ነበር።

ዶን ፊሎ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «በሃምሳ፣ በጥር ወር ነው። የሳቱርኒኖ ለቅሶ ካለፈ በኋላ መጀመሪያ ጊዜ ሊቆረጥ መጣ። አንገቱ ላይ ጨርቁን አሰርኩለት። ከጆሮው ኋላ ያለውን ፀጉር ገለጥ ሳደርግ መቀሱ ከእጄ ወደቀ። በመስተዋቱ ያየኛል፤ አየዋለሁ። ‹ምነው ፊሎ?› አለኝ። ‹ምንም፤ ቅማል መስሎኝ ነው› አልኩት። ‹እንዴት ልቁረጥልህ?› ስለው፣ ‹እንደ ኤላዲዮ› አለኝ። ወዲያው ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። ‹እንደ ድሮዬ ማለቴ ነው።› እኔም እንደ ኤላዲዮ ቆረጥኩት።»

ከመንገዱ ማዶ አንድ መኪና አለፈ። ሚግዳሊያ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈች።

«ታዲያ አባቴ ማን ነው?»

«የሃምሳ አንዱ ነዋ። ኒኖ። ሳቱርኒኖ።»

«ይህን ሁሉ ዘመን እያወቁ…»

«እሱም እንደማውቅ ያውቅ ነበር። አንድ ቀን እንኳ በአፋችን አላነሳነውም። እኔ ካርዱን አስቀምጥለታለሁ፤ እሱ ስለ ወንድሙ ያወራል። ሌላ የሚያወራበት ቦታ አልነበረውም።» ዶን ፊሎ ካርዶቹን ወደ እሷ ገፋ አደረጉ። «እስከ መቃብሬ ይዤው ልሄድ ነበር። ግን አምስት ቀን ሙሉ ‹ለኤላዲዮ ነፍስ› ሲባል ልቀበል እሞክራለሁ፤ አፌ እምቢ ይለኛል። ለምን እንደሆነ የሚነግሩሽ አክስትሽ ናቸው። እኔ የማውቀው ጆሮ ብቻ ነው።»

*

በማግሥቱ ጠዋት አክስት ፕሩደንሲያ ጓሮ ተቀምጠው አተር ይፈለፍሉ ነበር። ሚግዳሊያ ሁለቱን ካርዶች በሰፌዱ ላይ፣ በአተሩ መሃል አስቀመጠቻቸው። አክስቷ አልደነገጡም። የአርባ ዘጠኙን አነሱና በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉት።

«ሲስቅ እንዲህ ነበር» አሉ። «ቡና እየጠጣ እንኳ ይስቃል።»

«ንገሪኝ፣ አክስቴ።»

«ምኑ ይነገራል? የፋብሪካው የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ሊዋኙ ሄዱ፤ እሑድ ቀን። ኤላዲዮ ጠለቀ፤ አልወጣም። ኒኖ ሦስት ጊዜ ጠልቆ በሦስተኛው አወጣው። ተሸክሞት ቤት ድረስ መጣ። በትከሻው፣ ያን የሚያህል ሰው። ያኔ ሸንኮራው መሃል የነበሩት አራት ቤቶች ብቻ ናቸው። ፖሊሱ መጣ። ወረቀት አወጣ። ‹ሟቹ ማን ይባላል?› ብሎ እናቴን ጠየቃት።»

አክስቷ አንድ አተር ፈለፈሉ። ፍሬው ከሰፌዱ ውጭ ተንከባለለ።

«እናቴ ኤላዲዮን ነበር የምትወደው። ሁላችንም እናውቃለን፤ ኒኖም ያውቃል፤ ቅር ብሎትም አያውቅም፤ እሱም ይወደው ነበር። እናቴ የሞተውን አየች። ውኃው ከልብሱ እየተንጠባጠበ የቆመውን አየች። ‹ሳቱርኒኖ› አለች። ‹ሟቹ ሳቱርኒኖ ነው።› ከዚያ ወደ ኒኖ ዞራ፣ ‹ኤላዲዮ፣ ልጄ፣ ይበርድሃል፤ ግባና ልብስህን ለውጥ› አለችው።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ገብቶ ለወጠ። የኤላዲዮን ሸሚዝ።»

ሚግዳሊያ መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። ጎረቤት ቤት ዶሮ ይጮኻል፤ ፀሐይ ሞቋል፤ እሷን ግን በረዳት።

«ለአንድ ቀን መስሎን ነበር» አሉ አክስቷ። «አእምሮዋ እስኪመለስ። ጎረቤቶቹም አዝነውላት ዝም አሉ። ለኒኖ ዘጠኝ ቀን ጸሎት ተደረገ። ኒኖ እዚያው ከፊት ወንበር ተቀምጦ ለራሱ ነፍስ እየጸለየ ተቀበለ። ‹ለሳቱርኒኖ› ሲሉ ‹የዘላለም ዕረፍት ስጠው› ይላል። እኔ ከጎኑ ነበርኩ። ድምፁ እንዳይንቀጠቀጥ ጉልበቱን በሁለት እጁ ይጨምቅ ነበር። በዘጠነኛው ቀን የኤላዲዮን ዱላ አንስቶ ጓሮ ወጣ። በግራው መምታት ጀመረ። መዳፉ እስኪደማ። በማይታዘዝለት እጅ አራት ዓመት ተጫወተ፤ እናቴ ከአጥሩ ኋላ ቆማ ‹ኤላዲዮ!› እያለች ስለምትጮኽ።»

«ከዚያስ በኋላ? አያቴ ከሞተች በኋላ ለምን…»

«ልትሞት ስትል እግሯ ሥር ተንበረከከ። ‹እማዬ፣ እኔ ማነኝ?› አላት። አንድ ጊዜ ብቻ በራሱ ስም እንድትጠራው ነበር የፈለገው። ፊቱን ዳበሰችው። ‹ኤላዲዮዬ ነህ› አለችና ሞተች። ምን ያድርግ? አንቺ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመትሽ ነው፤ የኤላዲዮ ላቦይ ልጅ ተብለሽ ትምህርት ቤት ገብተሻል።»

ሚግዳሊያ በየጥቅምቱ ያለ ምክንያት አክስቷ ለአባቷ ይዘውለት የሚመጡትን የሩዝ ገንፎ በኮኮናት አስታወሰች። አባቷ ቆሞ፣ ሳያወራ፣ ድስቱን እስኪጠርግ ይበላው ነበር። የራሱ፣ የኒኖ ልደት ነበር ማለት ነው።

«ዘጠነኛው ቀን ላይ እውነቱን እናገራለሁ» አለች።

«አትናገሪም!» አክስት ፕሩደንሲያ ሰፌዱን ከጭናቸው አወረዱ። «እናቴን ከሞተችም በኋላ ዕብድ ልታሰኚያት? ደግሞስ ለምን? ኒኖ ጸሎቱ በአርባ ዘጠኝ ተደርጎለታል። ሁሉም ደርሶታል። ያልተጸለየለት ኤላዲዮ ነው። አንድ ሰው እንኳ በስሙ አላለቀሰለትም። አሁን ገና መጣለት፤ ይሄው ስድስተኛ ቀኑ። መጥቶ ቡናውን እየጠጣ ነው። አታባሪብኝ!»

«አባቴስ? አባቴ እኮ ባለፈው ሳምንት ነው የሞተው። ለእሱ ማን ያልቅስ?»

አክስቷ ወደ መሬት አጎነበሱ። የተንከባለለውን አተር በዓይናቸው ይፈልጉ ነበር።

*

በስምንተኛው ቀን ሚግዳሊያ ብቻዋን መካነ መቃብር ሄደች። የቤተሰቡ መቃብር አንድ ነው። አዲሱ ሲሚንቶ ላይ ኤላዲዮ ላቦይ የሚለው ስም ገና ነጭ ነው። ከሥሩ በቆየው ሰሌዳ ላይ ሳቱርኒኖ ላቦይ፣ 1929–1949 ይላል። ከልጅነቷ ጀምሮ በየዓመቱ የሙታን ቀን «ለአጎትሽ» እየተባለች አበባ ያስቀመጠችበት ነው። አባቷ ግን ከብረት በሩ አልፎ ገብቶ አያውቅም። ባርኔጣውን አውልቆ እዚያው ይቆምና እሷ ስሙ ላይ አበባ ስታደርግ ያያታል። እሷም እጇን ታወዛውዝለት ነበር።

አበባውን ይዛ ቆመች። የትኛው ላይ ታድርገው? አንዱ ስም ሥር ያለው ሰው የሌላው ነው። «አባዬ» አለች ቀስ ብላ፤ ከኋላዋ፣ ከበሩ በኩል፣ ሰው ጉሮሮውን የጠረገ መሰላት፤ አባቷ ሊናገር ሲል እንደሚያደርገው። ዞረች። በሩ ክፍት ነው። የቀትር ፀሐይ አስፋልቱ ላይ ይንቀለቀላል። ሰው የለም። አበባውን በሁለቱ ሰሌዳዎች መሃል፣ ስንጥቁ ላይ ሰክታው እየሮጠች ወጣች፤ አርባ አራት ዓመቷ ነው፤ ከመካነ መቃብር ሮጣ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው።

*

በዘጠነኛው ቀን ቤቱ ሞላ። በረንዳው አልበቃ ብሎ ሰዉ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ሚግዳሊያ ያን ቀን ራስ አልቆጠረችም፤ ማሰሮው እስኪያልቅ ብቻ ቀዳች። አክስት ፕሩደንሲያ ጥቁራቸውን ለብሰው ከፊት ተቀምጠዋል። ዶን ፊሎ እንደ ወትሮው በረንዳው ጫፍ ላይ ናቸው።

ዶኛ ሴፌሪና የመቁጠሪያውን የመጨረሻ አሥር ጸሎት ጸለዩ። ከዚያ የስንብቱን ጸሎት ጀመሩ፤ ነፍሱ ከቤቱ የምትሸኝበትን።

«ዛሬ ከዚህ ቤት ለሚሄደው ለወንድማችን ለኤላዲዮ ላቦይ…»

«ለሳቱርኒኖም» አለች ሚግዳሊያ።

ዶኛ ሴፌሪና ቀና አሉ። «ለማን አልሽ ልጄ?»

አክስቷን አላየቻቸውም፤ ካየቻቸው ድምፅዋ እንደሚከዳት ታውቃለች። «ለሳቱርኒኖ ላቦይ። ለእሱም ይጸለይ።»

«ለአጎትሽ? እሱማ ድሮ…» ዶኛ ሴፌሪና በዓይናቸው ከአሮጊቷ ፈቃድ ጠየቁ። የሚግዳሊያን ሐሳብ ሰዉ ሁሉ እንደ ደግነት ነው ያየው፤ አንዳንዶቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ነበር። አሮጊቷ ግን ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ጨመቁ። በረንዳው ላይ የነበረ አንድ ሕፃን ማልቀስ ጀምሮ በድንገት ዝም አለ።

«ለሁለቱም» አሉ አክስት ፕሩደንሲያ በመጨረሻ። «ለሁለቱም ልጆች።»

«ለኤላዲዮ ላቦይና ለሳቱርኒኖ ላቦይ ነፍስ» አሉ ዶኛ ሴፌሪና።

«የዘላለም ዕረፍት ስጣቸው!» የመጀመሪያው ድምፅ ከበረንዳው ጫፍ መጣ። ዘጠኝ ቀን አፋቸው እምቢ ያላቸው ዶን ፊሎ ነበሩ። ሌላው ሰው ተከተላቸው። አክስት ፕሩደንሲያ አፋቸውን ከፍተው ሊቀበሉ ሲሉ ሌላ ድምፅ ወጣቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ የወጣት ሴት ድምፅ፤ «ኒኖ! ወንድሜ ኒኖ!» እያሉ አለቀሱ። ሰዉ እርጅናቸው ነው አለ፤ የቆየ ለቅሶ ነው የተቀሰቀሰባቸው አለ። ልክም ነበር።

ለቅሶ ደራሹ ሲበተን ኔሬይዳ ወንበር ለማጠፍ ቀረች። ዘጠኝ ቀን ስትቀልድ የሰነበተችው ሴት ፊቷ ነጭ ሆኗል።

«ሚግዳሊያ፣ አትሳቂብኝ» አለች። «ስንቀበል እኔ በሩ ሥር ነበር የተቀመጥኩት። ሰዎች ተነስተው ወጡ። ቀሚሴን ነክተውኝ አለፉ፤ መጀመሪያ አንዱ፣ ከዚያ ሌላው። ይቅርታ እንኳ አላሉም ብዬ ቀና ስል ማንም ከቦታው አልተነሳም።»

ሚግዳሊያ አልሳቀችም። «ስንት ናቸው?» አለች።

«ሁለት አልኩሽ እኮ።»

ኔሬይዳ ሄደች። ሚግዳሊያ ለጸሎቱ ሳሎን ውስጥ የተዘጋጀውን ትንሽ መሠዊያ አፈረሰች፤ ነጩን ጨርቅ አጠፈች፤ ቤቱን ከውስጥ ወደ ደጅ ጠረገች። ከዚያ ቆሻሻውን ልትደፋ ጓሮ ወጣች።

ገመዱ ላይ አንድ ሸሚዝ ተሰቅሏል። አባቷ የሞተ ዕለት ጠዋት ራሱ አጥቦ የሰቀለው ነው፤ ዘጠኝ ቀን ሙሉ በዚህ በኩል ያልተመላለሰ ሰው የለም፣ አንድም ሰው ግን አላወረደውም። ሁለት ጊዜ ዝናብ ደብድቦት ሁለት ጊዜ ደርቋል፤ ትከሻው ላይ የልብስ መቆንጠጫዎቹ ምልክት ቀርቷል። አወረደችው። ሳይቆለፍ ሊታጠፍ አልሆነም፤ ክንዷ ላይ እንደ ሰው ተንጠለጠለ። ቁልፎቹን መቆለፍ ጀመረች።

«የኒኖ ልጅ!» አሉ አክስት ፕሩደንሲያ ከወጥ ቤቱ በር። «ነይ ግቢ እንጂ፤ ይበርድሻል።»

በዕድሜዋ በዚህ ስም የጠራት የለም። ከታች ጀምራ አንድ በአንድ ቆለፈች፤ የመጨረሻው፣ የአንገቱ ቁልፍ እምቢ አላት። ቀዳዳው በፀሐይ ደርቆ ጠብቧል። ሸሚዙን ወደ ደረቷ አስጠግታ፣ በሁለት እጇ፣ ቀስ ብላ፣ ሰው እንዳታንቅ እንደምትጠነቀቅ ሆና ቆለፈችው።